ሙልሙልና ጅራፍ

የነሐሴ ጉም በመንዝ ሜዳ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ለቀናት ፊቷን በምትሰውርበት፣ መንገዱ ጭቃ፣ ኩበቱ እርጥብ፣ ጎተራውም ወደ ታች በሚጎድልበት ወራት፣ በአገሩ ቤት ሁሉ አንዲት ሌሊት ምጣድ ስለ ልጆች ይጣዳል። ይህች ሌሊት የነሐሴ 12 ቀን ማታ ናት፤ በማግስቱ ሕዝቡ ቡሄ የሚለው በዓለ ደብረ ታቦር ይውላል። በዓመቱ ውስጥ ለታቦት ንግሥ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካርና ለእንግዳ የሚጋገረው ዳቦ ብዙ ነው፤ ሕፃናቱም ከዚያ ሁሉ ቁራሽ አይነፈጋቸውም፤ ነገር ግን የሚደርሳቸው ከካህኑና ከሽማግሌው፣ ከእንግዳውና ከአባወራው በኋላ ነው። በሕፃን ስም ተቈጥሮ፣ በሕፃን መዳፍ ልክ ተድበልብሎ የሚጋገረው ሙልሙል ነው። የዚህን ትንሽ ዳቦ ጥንተ ነገር የመረመረ ሰው፣ የደገኛው ቤት ለልጁ ምን ድርሻ እንደ ቈረጠለት ያገኛል።

መንዝ በጥንት አከፋፈሉ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚጠራ፣ የክፍሎቹንም ስም በአገሩ ትውፊት ከሦስት አቅኚ አባቶች የወረሰ ደጋ ነው። ግሼ ከራቤል ከተማው ጋር በስተሰሜን ይዋሰነዋል፤ መርሐ ቤቴ ደግሞ በስተምዕራብ ዓለም ከተማን በአምባው ላይ አስቀምጦ ጫፉን ወደ ዠማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ይጥላል። በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት አከፋፈል መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ፣ መርሐ ቤቴም ራሱን የቻለ አውራጃ ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋ ነገሥታት የሚቈጠሩበትን ሐረግ ስለ ጀመረ፣ የታሪክ ጸሓፊዎች ይህን አገር የሚያነሡት ይበልጡን ስለ መሳፍንቱና ስለ ጦር ሜዳው ነው። ቡሃቃው ዜና መዋዕል የሚጽፍለት አላገኘም፤ ታሪኩም በሴቶቹ እጅና በልጆቹ ጩኸት ተጠብቆ እስከ ዘመናችን ደረሰ።

የሥርዓቱ መሠረት በቅዱስ ወንጌል ነው። ማቴዎስ በምዕራፍ 17 እንደሚነግረን ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ፤ በፊታቸውም ተለወጠ፤ ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ፤ ከደመናውም የአብ ድምፅ መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ይህን ምሥጢር ከዘጠኙ ዐበይት በዓላት እንደ አንዱ ቈጥረው ያከብሩታል። ሕዝቡ በበኩሉ በቃል የወረሰው አንድ ታሪክ አለው፤ ይኸውም የታቦር ብርሃን በወጣ ጊዜ በአካባቢው ይጠብቁ የነበሩ እረኞች ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው በዱር እንደ ቀሩ፣ ወላጆቻቸውም የልጆቹ መዘግየት ቢያሳስባቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደ ወጡ የሚተርክ ነው። ስለዚህ ችቦው የዚያ ብርሃን፣ ሙልሙሉ የዚያ ስንቅ፣ የጅራፉም ጩኸት ከደመና የተሰማው ድምፅ ምሳሌ ሆኖ ይተረጐማል። የታቦር ተራራ ቁመቱ ከባሕር ወለል 600 ሜትር እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው መሐል ሜዳ ለሚኖረው መንዜ ቆላ እንጂ ተራራ አይባልም። ነገር ግን በግ ጥበቃ ውሎ በጉም ውስጥ የጠፋ ልጅ፣ ችቦ ይዛ የምትፈልግ እናት ለመንዜው የዘወትር ኑሮው ስለ ሆኑ፣ ታሪኩን የሩቅ አገር ታሪክ ብሎ አልሰማውም።

ስለ ስሙ የሚሰጠው ፍች ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ቡሄን ከብርሃንና ከገላጣነት ጋር ያያይዘዋል፤ ሰማዩ ከክረምቱ ጨለማ መገላለጥ የሚጀምርበት ወራት ነውና። ሁለተኛው ከቡኮ፣ ማለት ከሊጥ ጋር ያያይዘዋል፤ በግእዙም ብሑእ የቦካ፣ ናእት ያልቦካ ማለት መሆኑ ይህን ፍች ያጠናክረዋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም መወሰን የቋንቋ ሊቃውንት ፈንታ ነው፤ ባለ ምጣዷ ሴት ግን ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ትፈጽማቸዋለች፤ ሊጡ በውስጥ ይቦካል፣ ችቦው በውጭ ይበራል።

ነሐሴ 13 በጥንቱ የዩልዮስ አቈጣጠር ኦገስት 6 ከሚሉት ቀን ጋር ስለሚገጥም፣ ይህን አቈጣጠር የሚከተሉ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው ዕለት ይህንኑ በዓል ያከብራሉ። በዚህ በዓል ግሪኮች የወይን ዘለላ፣ ሩሲያውያን የፖም ፍሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ያስባርካሉ፤ የየአገራቸው ምድር በዚያ ወራት የምትሰጠው ፍሬ ያ ነውና። የእኛ ደጋ በነሐሴ ወይንም ፖምም የላትም፤ ነገር ግን የመንዝና የግሼ ከፍተኛ ምድር በልግ የሚዘራበት በመሆኑ፣ በጥርና በየካቲት የተዘራው ገብስ በሰኔና በሐምሌ ታጭዶ፣ በቡሄ ዋዜማ አዲሱ እህል ከወፍጮ ላይ ይገኛል። እንግዲህ ሙልሙል በደጋው ላይ የበልጉ በኵራት ነው ማለት ይቻላል። በልጉ በውርጭ ወይም በዝናብ ማነስ የከዳ ዓመት ቡሄውም ይቀጥናል፤ ሙልሙሉ ያንሳል፣ የባቄላ ዱቄትም ይገባበታል፤ ሆኖም ከነጭራሹ ይቅር አይባልም። ወደ መርሐ ቤቴ ዝቅ ሲሉ ገብሱ ለስንዴና ለጤፍ ቦታውን ይለቃል፤ የዳቦውም መልክ እንደ እህሉ ይለወጣል፤ የልጁ ድርሻ ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው።

ገብስ ወደ ሊጥ እስኪደርስ ድረስ የሚጠይቀው ድካም ብዙ ነው። እህሉ ውሃ ነካ ነካ ተደርጎ በሙቀጫ ይፈተጋል፤ በሰፌድ ተነፍሶ ገለባው ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ ሴቲቱ በወፍጮው ፊት ተንበርክካ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋች ትፈጨዋለች። የእናት ጕልበት በዚህ ድንጋይ ላይ ስንት ዘመን እንዳለቀ የሚያስታውሰን አንድ ነገር በታሪክ ተጽፎ ይገኛል፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር አንድ የውጭ አገር ሰው የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ሳለ፣ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ተቃወሙት ድንጋዩ መዞሩን ተወ፤ የሸዋም ሴቶች ለብዙ ዘመን ወደ ተንበረከኩበት ተመለሱ። ትንንሾቹ ልጆች የወፍጮ ቤቱ ተመልካቾች ነበሩ፤ ሴት ልጅ ቁመቷ ከመጁ ሲስተካከል እፍኝ ገብስ ይሰጣትና በእናቷ እጅ መካከል እጇን አግብታ መግፋት ትጀምራለች፤ የዱቄቱን ልስላሴ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሽታ መመርመርንም የምትማረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አንድ ቤት ገብተን እንመልከት። ሊጡ ከትናንት ጀምሮ በጠላ ድፍድፍ እርሾ ተነሥቶ በቡሃቃው ውስጥ አለ። የደጋው ብርድ እርሾን ያንቀራፍፈዋልና እናቲቱ ቡሃቃውን ወደ ምድጃው አስጠግታ፣ ሰው እንደሚሸፈን ሁሉ በአሮጌ ባና ሸፍናዋለች። ወራቱ ጾመ ፍልሰታ ስለ ሆነ ቅቤና ወተት አይገባበትም፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ጥቂትም ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው። ምጣዱ በኩበት እሳት ይሟሽና፣ እናቲቱ ከሊጡ እየቈነጠረች በእርጥብ መዳፏ መካከል ታንከባልለዋለች፤ ሁለቱን ጫፍ ቀጠን፣ ሆዱን ወፈር አድርጋ በምጣዱ ላይ ትደረድረዋለች፤ አክንባሎውንም ትከድናለች። ሙልሙል አነስ ማለቱ ለልጅ እጅ ታስቦ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የኩበትም ምክር ያለበት ይመስለኛል፤ የክረምት ኩበት እሳቱ ደካማ ስለ ሆነ፣ ትልቁ ድፎ እንደ ልብ የማይበስልበት ምድጃ ትንሹን ሙልሙል ፈጥኖ ያበስለዋልና።

እናቲቱ ስትደረድር በከንፈሯ ትቈጥራለች፤ ለበኵሩ፣ ለሴት ልጇ፣ ለእረኛው፣ ለክርስትና ልጇ፣ ነገ በደጅ መጥተው ለሚጨፍሩት። በዚህ መካከል አራት ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድም እጁን ወደ ቡሃቃው ይልካል።

«እማ፣ እኔም ልሥራ።»

«እጅህን ታጠብና ና፤ ሊጥ በቆሸሸ እጅ ይቈጣል።»

ልጁ ታጥቦ ይመለስና እንቁላል የሚያህል ሊጥ ይሰጠዋል። እሱ የሚሠራው ግን ሙልሙል አይደለም፤ በሬ ነው። ሁለት ቀንድ ያወጣለታል፤ አንዱ ቀንድ ይረዝማል፣ ሁለተኛው ይሰበራል፤ እግሩን ለማቆም ይታገልና በመጨረሻ በሬው ይተኛል። እናቲቱ ጠማማውን በሬ ሳታቃና፣ ከምጣዱ ዳር፣ እሳቱ ለስለስ ከሚልበት ቦታ ታኖረዋለች፤ ቀድሞ የሚበስለውም፣ ገና ሳይበርድ የሚበላውም እሱ ነው። ታላላቆቹ ይሥቃሉ፤ ሕፃኑ ግን ያን ምሽት ዳቦ የሠራ ሰው ሆኖ ይተኛል።

በቡሄ ዕለት ልጆቹ በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አንዱ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ በዱላቸውም መሬቱን እየመቱ ዜማውን ይይዛሉ። ባለቤቱን በስሙ ጠርተው ያመሰግናሉ፣ ስስታሙን ይነካሉ፣ ሙልሙሉን ሲቀበሉም ቤቱ እንዲሞላ፣ ዓመቱ እንዲደገም መርቀው ይሄዳሉ። እንግዲህ ይህ ሥርዓት በየትኛው ወራት እንደ ዋለ እናስተውል። ነሐሴ ለብዙው ገበሬ የዓመቱ ጠባብ ወራት ነው፤ የመኸሩ እህል ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ነው፤ የበልግ ምድር የሌለው ቤት ጎተራውን ጠርጎ ይውላል። በዚህ ጊዜ የሰው ሁሉ ልጅ ወደ ሰው ሁሉ ደጅ ሄዶ ዳቦ እንዲቀበል ማድረግ፣ የደኻውን ልጅ ለማኝ ሳያሰኙ ማብላት ነው። ባለ ጸጋውም ልጁን ከደኻው ልጅ ጋር ያሰልፋል፤ አቅማዳው አንድ ነው፤ ሲመሽ የተሰበሰበው ሙልሙል በእኩል ይካፈላል። የአብነት ተማሪዎችም ይህን ዕለት በዓላቸው አድርገው፣ ስለ ደብረ ታቦር ብለው ከምእመናን እህል በመለመን ዳቦና ጠላ አዘጋጅተው ያከብሩታል፤ ዓመቱን ሙሉ ቁራሽ የለመነው ተማሪ በዚያ ቀን ራሱ ጋባዥ ይሆናል።

ሙልሙሉ የእናት ሥራ ከሆነ ጅራፉ የልጁ የራሱ የእጅ ሥራ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ እረኞች ልጥና ቃጫ ይሰበስባሉ፤ ልጡ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ሲለዝብ በቀጭን በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ልጁ መሬት ላይ ይቀመጥና የልጡን ጫፍ በእግሩ አውራ ጣት ቈንጥጦ፣ ሦስቱን ዘለላ እያጠበቀ ይጐነጕናል፤ በላይ በኩል እንደ ጣት የወፈረው ወደ ታች እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻው በአንዲት ቀጭን የቃጫ ጭራ ያልቃል። ጩኸቱ ያለው በዚያች ጭራ ነው። ወፍራም ከሆነች ጅራፉ ይደነቍራል፤ ከመጠን በላይ ከቀጠነች በመጀመሪያው ምት ትበጠሳለች፤ ልጁም ይህን ከማንም ሳይሰማ፣ ሦስት አራት ጭራ አበጥሶ ይማረዋል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከሊቅ ጉባኤ ሳይሆን ከዚህ ሜዳ የወጣ መሆን አለበት። በሁለት ሰፈር ተከፍለው የሚጋረፉ ጐረምሶች የነበሩበት ዘመንም አለ፤ እናቶች የፈሩት፣ አባቶች ግን ወንድነት ነው ብለው በዝምታ ያለፉት ጨዋታ ነበር።

ችቦውም እንደየአገሩ ዕፅ ነው። በመርሐ ቤቴ ቆላማ ጫፍ ክትክታው ደርቆ ይታሰራል፤ ዛፍ ባነሰበት የመንዝ ከፍታ ግን ማገዶው ጨረንፌና አስታ ነው። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለው የጓሳ ምድር እነዚህን ቁጥቋጦዎችና ቤት የሚከደንበትን፣ ገመድ የሚገመድበትን የጓሳ ሣር ለመንዜው ሲሰጥ የኖረ ነው። ይህ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አስቦና ጌራ ከተባሉ አቅኚ አባቶች በተወረሰ ሥርዓት፣ አባ ቄሮ በሚባል ሹም ጠባቂነት፣ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ እየቈየ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይታጨድ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት እስካፈረሰው ድረስ፣ የመንዝ ልጅ ሣር ያለ ጊዜው እንደማይታጨድ የሚማረው ገመድ መግመድን ከሚማርበት ጊዜ ጋር ነበር፤ ኋላም ሕዝቡ ምድሩን በማኅበር ወደ መጠበቁ ተመልሷል።

የልጁ የእጅ ሥራ በቡሄ አይጀምርም፤ በቡሄም አያልቅም። በእንቍጣጣሽ ወንዱ ልጅ በወረቀት ላይ ፀሐይና መልአክ ሥሎ፣ ሴቷ አደይ አበባ ይዛ ለጎረቤት ያበረክታሉ። በገና ወንዶቹ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት መርጠው ዱላ ይጠርባሉ፣ ሩሩንም ያድበለብላሉ። በሆሣዕና ከቆላ የመጣው ዘንባባ በልጆች ጣት ቀለበትና መስቀል ይሆናል። ክረምቱ ሲወጣ ሴቶቹ ልጆች ስንደዶና አክርማ ለቅመው፣ በቀለም ነክረው አለላ ያደርጉና በወስፌ ትንሽ እንቅብ ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያዪቱ እንቅብ ዘወትር ወደ አንድ ጐን ታዘነብላለች፤ እናትም አትጥላትም፣ ለጥጥ ማኖሪያ ታደርጋታለች። የመንዝ በግ ጠጕሩ በተሸለተ ጊዜ ደግሞ፣ ባናና ዝተት ለሚሆነው ድር ልጆቹ አሜከላውን ከጠጕሩ ይለቅማሉ፤ በደጋን ይነደፋል፤ እንዝርቱንም ሲያሾሩ ክሩ እየተበጠሰ፣ እየቀጠሉት ይለምዳሉ። ብርድን በዳቦ ብቻ መከላከል አይቻልምና ደገኛው ልጁን ከምድጃውና ከእንዝርቱ ጋር በአንድነት አስተዋወቀው።

እዚህ ላይ የማይሸሸግ አንድ ነውር አለ። አበው የልጅን የእጅ ሥራ እንዲህ እያደነቁ፣ ያደገውን ባለ እጅ ግን ይንቁ ነበር። በጭቃ በሬ የሠራውን ሕፃን ያሞገሰ አፍ፣ በጭቃ እንስራ የምትሠራዋን ሸክላ ሠሪ በቡዳነት ያማ ነበር፤ ቀጥቃጩና ሸማኔውም ከዚሁ ስድብ አላመለጡም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። ይህ አዋጅ ከመነገሩ በፊት ብዙ ዘመን ቀድሞ፣ ሕፃናቱ በየጓሮው ጭቃ አቡክተው፣ ልጥ ጐንጕነው፣ ሰፌድ ሰፍተው የእጅን ክብር ያውቁት ነበር፤ ያን ዕውቀት ያስጣላቸው ዕድሜ ነው።

ዛሬ ዓለም ከተማም መሐል ሜዳም የሞተር ወፍጮ ድምፅ የሚሰማባቸው ከተሞች ናቸው፤ ከፉርኖ ቤት የሚወጣው የስንዴ ዳቦም በገጠሩ ገበያ ይሸጣል። የእናት ጕልበት ከድንጋዩ መላቀቁ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስቈጭ አይደለም። በአዲስ አበባ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ከሙልሙሉ ይልቅ ገንዘቡን ይመርጣሉ፤ ገንዘብ በአቅማዳ አይሻግትምና አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ገንዘብ የሰጠ ሰው ያን ልጅ አስቀድሞ አልቈጠረውም፤ ሙልሙል የጋገረች እናት ልጁ ወደ ደጇ ከመምጣቱ በፊት፣ ሊጡን ስትቈነጥር፣ በከንፈሯ ቈጥራዋለች። በባዕድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሙልሙል ጋግረው፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ልጆቻቸውን ሲያስጨፍሩ ሊያቈዩ የሚደክሙት ይህን መቈጠር ነው።

በቤቱ ይህን ሥርዓት ማደስ የሚወድ አባት ወይም እናት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ሁለት ሦስት ጣሳ ዱቄት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ፣ ለሊጡም አንድ ሌሊት ትዕግሥት። ምጣድ ከሌለ መጥበሻ ክዳን ተደርጎበት ያገለግላል፤ ልጥ ከሌለ የጨርቅ ቅዳጅ ይጐነጐናል። ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ልጁ አንድ ቀንዱ የረዘመ፣ ሁለተኛው የተሰበረ በሬ ሠርቶ ሲያመጣ፣ እጅን ሰብስቦ ሳያቃኑ ከምጣዱ ዳር ማኖር።